ባቲ የሚያውቅ ጣት ሮክ ጊታር እንዴት ይጀምራል?

ባቲ ማይነር የተባለውን ቅኝት የሚጫወት የጎጃም ጊታሪስት ለሮክ ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ለሚያወጣው ዜማ) አዲስ ስኬል (የድምፆች መሰላል) አያስፈልገውም። ከላ የተነሳ ባቲ ማይነር ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ ታዋቂዎቹ የሮክ ጊታሪስቶች ጂሚ ሄንድሪክስም የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞርም ሶሏቸውን በብዛት የሠሩት በዚሁ ዓይነት አምስት ድምፅ ነው። የሚለየው ድምፁ ላይ የሚደረስበት መንገድ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ አዝማሪ ስትሰሙ የማሲንቆውን ግራ እጅ ልብ በሉ፤ ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍል የብረት ዘንግ) ስለሌለው ጣት ድምፁን ያወዛውዘዋል፣ ከሥር አንስቶም ያደርሰዋል። ጊታር ላይ ይህ የሚገኘው ክሩን በመግፋት ነው፤ ቤንድ ይባላል።

ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ነው። የቀለበት ጣታችሁን 3ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ አሳርፉ፤ ድምፁ ሬ ነው። የመሀል ጣትና ሌባ ጣት እዚያው ክር ላይ 6ኛና 5ኛ ፍሬትን ይዘው ይደግፉት፤ በአንድ ጣት ብቻ መግፋት ጣት ከማድከሙም በላይ ድምፁ እንዲወርድ ያደርጋል። አውራ ጣት ከአንገቱ በላይ ይውጣ። አሁን ወደ ወፍራሞቹ ክሮች ግፉ፤ ኃይሉ ከእጅ አንጓ ይምጣ፣ ቁልፍ እንደማዞር። ሬ ወደ ሚ መድረስ አለበት። ስለዚህ አስቀድማችሁ 2ኛው ክር 5ኛ ፍሬትን ምቱ፤ ሚ እሱ ነው። ብዙ ጀማሪ ሳይደርስ ያቆማል፤ ያኔ ያልተቃኘ ክራር ይመስላል።

ለኤሌክትሪክ ጊታር 9 ወይም 10 ቁጥር ክር ይስማማል፤ ቁጥሩ የክሩ ውፍረት ነው። 12 ቁጥር በገባበት ቦክስ ጊታር ግን 3ኛው ክር ሽቦ የተጠመጠመበት ስለሆነ እምቢ ይላል፤ 2ኛውን ክር 8ኛ ፍሬት ላይ ከሶል ወደ ላ ግፉ፣ በ1ኛው ክር 5ኛ ፍሬት አመሳክሩ። ከቤንድ በኋላ ቅኝቱ ከወረደ ክሩ አንገቱ ጫፍ ያለው ቦይ ውስጥ እየተያዘ ሊሆን ይችላል፤ ክሩን አላሉና ቦዩን በእርሳስ ጫፍ እሹት።

ጊልሞርን የሚለየው ትዕግሥቱ ነው። ድምፁ ላይ ይደርሳል፣ ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያወዛውዘው። ሳትደርሱ አታወዛውዙ።

ሄንድሪክስ ብዙ ጊዜ ስድስቱንም ክሮች ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኝ ነበር፤ ቤንዱ ይቀላል። 6ኛውን ክር በአውራ ጣቱ ይዞ ቀሪዎቹን ጣቶች ለዜማ ነፃ ያደርጋቸዋል። እንዲህ ከቃኛችሁ ለኪቦርዲስቱ ንገሩት፤ የእናንተ ላ ለእሱ ላ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ) ነው።

የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ግራኝ ስለሆነ ፍሬት የሚይዘው በቀኝ እጁ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፍ ስለተቆረጠ የፕላስቲክ ቆብና ቀጫጭን ክር ተጠቀመ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ደግሞ አንዳንድ ዘፈኖችን አንድ ድምፅ ተኩል ዝቅ ባለ ቅኝት ቀረጸ። የባንዱ ከባድ ድምፅ ከላላ ክር የመጣ ነው።

የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ 6ኛውን ክር ያወጣዋል። እንደ እሱ ለመቃኘት 6ኛውን አውጡና 5ኛውን ከላ ወደ ሶል፣ 1ኛውን ከሚ ወደ ሬ አውርዱ፤ ሌሎቹን አትንኩ። ክሮቹን በባዶ ስትመቱ ሶል ሜጀር ይወጣል፤ 5ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ስትዘጉ ዶ ሜጀር።