ከጥገና በኋላ የሚጮህ የኋላ ፍሬን፦ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ እንዴት እንደሚለይ

የኋላ ፍሬን ሸራ አስቀይራችሁ ከጋራዥ ትወጣላችሁ፣ ሁለተኛው መብራት ጋ ሳትደርሱ ከኋላ ሲጢጥ ማለት ይጀምራል፣ ደውላችሁ ስትጠይቁ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፦ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ድምፁ የሚመጣው ሲገጠም ከተረሳ ወይም ካልተፀዳ ነገር ስለሆነ አዲሱን ሸራ በሌላ አዲስ ሸራ መቀየር ብር መጣል ነው። እዚህ የምናወራው ከኋላ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ሸራው ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ክብ ብረት) ስላላቸው መኪኖች ነው፣ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ሃይሉክስ ምናምን።

መጀመሪያ ምንም ሳትፈቱ አዳምጡ። ሰው የማይበዛበት መንገድ ፈልጉ፣ በአንድ በኩል ግንብ ወይም አጥር ካለው በጣም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም መስኮት ከፍታችሁ በግንቡ ጥግ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ድምፁ ተመልሶ ስለሚመጣ የቀኝ ይሁን የግራ ትለያላችሁ። ዋናው ጥያቄ መቼ ነው የሚጮኸው የሚለው ነው። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ቀጭን ጩኸት ካለ ሸራው ወይም ሸራው የተቀመጠበት ሳህን ላይ ነው ነገሩ። ፍሬን ሳትነኩ ጎማው በዞረ ቁጥር ሽርር ሽርር ካለ የሆነ ነገር ታምቡሩን እየነካ ነው፣ ሳህኑ ሲፈታ ተጣሞ ይሆናል፣ ፍሬኑ ከልክ በላይ ጠብቆ ይሆናል፣ ወይ የእጅ ፍሬኑ ገመድ አልመለስ ብሎ። ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ ስትይዙት ቀጭ ቀጭ ካለ ደግሞ ውስጡ እንዲስተካከል ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚላግበት) የሄደ ታምቡር ጠርጥሩ፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ። ዝናብ ካደረ ወይም መኪና ካሳጠባችሁ በኋላ ጠዋት ላይ ሁለት ሶስቴ አጉረምርሞ የሚጠፋው ዝገት ነው፣ እሱን እርሱት። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ከሆነ ግን መንዳት አቁሙ።

ሌላም የምታዩት ነገር አለ። ፍሬን ብዙ ሳትይዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች ጠጋ አድርጉ፣ እንዳትነኩት ብቻ። አንዱ ከሌላው በጣም የሚግል ከሆነ እዛ ጋ ሸራው አልለቅ ብሏል ማለት ነው።

አሁን ወደ መፍታቱ። ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያዙና የእጅ ፍሬኑን ልቀቁት፣ እሱ ተይዞ ታምቡር አይወጣም። የጎማውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ፣ ከዛ አንሱት፣ ከስር ደግሞ መደገፊያ ብረት አስገቡ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እጅ አይገባም በቃ። ጎማውን አውጡና ታምቡሩን ሳቡት፣ አልወጣም ካለ ወዲያው መዶሻ አታንሱ። ብዙ ቶዮታዎች ታምቡሩ ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው፣ ባለ 8 ሚሊ ብሎን ሁለቱም ላይ አስገብታችሁ እኩል እኩል ስታጠብቁ ራሱ እየገፋ ያወጣዋል። አንዱን ጎን ብቻ ፍቱ፣ ያልተፈታው ጎን ግራ ሲገባችሁ የምታመሳክሩበት ነው፣ ፎቶም አንሱ። ታምቡሩ ወጥቶ እያለ ፍሬን የሚረግጥ ሰው እንዳይኖር፣ ሸራዎቹን የሚገፋው የሲሊንደር ፒስተን ተስፈንጥሮ ይወጣል። አቧራውን በኮምፕሬሰር ወይም በአፍ እፍ አትበሉ፣ የድሮ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ስለሚኖር በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት።

ቀጥሎ እኔ መጀመሪያ የማየው ሳህኑን ነው። ሸራው የሚንሸራተትባቸው ትንንሽ ከፍ ያሉ ቦታዎች አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ሸራ ሶስት ሶስት፣ ስድስት ማለት ነው። ደረቅ ሆነው ብረቱ ካብለጨለጨ የሲጢጡን ምንጭ አገኛችሁ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አፅዱና ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ተራ ግራሶ ግን ሲግል ቀልጦ ሸራው ላይ ይሄዳል፣ ከጩኸት ወደ ባሰ ችግር መግባት ነው። ቦታው ተበልቶ ጎድጉዶ ከሆነ ሸራው እየያዘው ይለቀቃል፣ ግራሶ አይፈታውም፣ በብየዳ ተሞልቶ መስተካከል ወይም ሳህኑ መቀየር አለበት።

ሞላዎቹንና ሸራውን ከሳህኑ ጋ የሚይዙትን ፒኖች ካልተፈታው ጎን ጋ አስተያዩ፣ የጎደለ ወይ የላላ ሞላ ሸራውን ያንቀጠቅጠዋል። የፍሬን ማስተካከያው (ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው ብሎን) ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ የቀኝና የግራው ጥርስ ተቃራኒ ነው፣ ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ተፈቶ ከተቀያየረ በራሱ መጥበቅ ሲገባው እየላላ ይሄዳል።

ሸራውን በጠመኔ ፈትሹት። ሸራው ላይ ጠመኔ ቀብታችሁ ታምቡሩን መልሱ፣ በእጅ እያዞራችሁት ሌላ ሰው ፍሬኑን በስሱ ይርገጥ፣ ከዛ ፍቱና የት የት እንደተጠረገ እዩ። ጫፍና ጫፉ ብቻ ከተጠረገ የሸራው ጉብጠት ከታምቡሩ ጋር አልገጠመም፣ እንደዚህ ያለው ይጮሃል። አሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ በሪቬት ያስመታችሁ ከሆነ የሪቬቶቹ ራስ በደንብ ወደ ውስጥ መግባቱን በጣታችሁ ዳሱ። ሸራው ዘይት ከነካው አታጥቡት፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ሲሊንደር ወይም የአክስል ጎሚኒ አሰሩ፣ ከዛ በሁለቱም ጎን ሸራ ቀይሩ፣ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ መኪናው ይጎትታል።

የቶርኖው ነገር እንዲህ ነው። ታምቡሩ በችኮላ ሲቆረጥ ውስጡ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የሚዞር ቀጭን መስመር ይቀራል፣ ሸራው መስመሩን ተከትሎ ወደ ጎን ይሄድና ቀጭ ብሎ ይመለሳል። በጥፍራችሁ ስትጭሩት ከያዘ እሱ ነው። ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት መስመሩን እያቋረጣችሁ ፈትጉት፣ ካልሆነ ጥሩ ቶርኖ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይድገመው። ግን ታምቡሩ ላይ የተፃፈ የመጨረሻ ስፋት አለ፣ ለምሳሌ 200 ሚሊ የሆነው የኮሮላ ታምቡር ከ201 ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ሄዶ ሌላ መፈለግ ነው። ጠርዙ ላይ የቀረ ከፍታ ካለም ያስነሱት፣ አዲሱ ሸራ እሱን ነው የሚፍቀው።

ስትገጥሙ ጎማው በእጅ ሲዞር ትንሽ ብቻ እየነካ በነፃ መዞር አለበት። የእጅ ፍሬኑን ገመድ የምታስተካክሉት ሸራው ከተስተካከለ በኋላ ነው፣ ብዙ ጋራዥ ገመዱን ስቦ ፍሬን አጠበቅኩ ይላል፣ እሱ ሸራው እንዳይመለስ ያደርገዋል። ዳዶዎቹን በተቃራኒ እያጠበቃችሁ ጨርሱ፣ ኮሮላ ላይ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

ከዛ ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በቀስታ እየያዛችሁ ደጋግሙት፣ በመሀል እየነዳችሁ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጡት፣ «ይለምዳል» የሚባለው እውነተኛው ይሄ ነው። ጩኸቱ እየቀነሰ ከሄደ ተዉት። ፍሬን ብትይዙም ባትይዙም የማይለወጥ፣ መሪ ወደ አንድ ጎን ስታዞሩ ግን የሚጨምር እንጉርጉሮ ከቀረ ፍሬኑን መፍታት አቁማችሁ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ አስፈትሹ።