አንቀጽ የሌለው ልብወለድ እንዴት ይነበባል?

የሃንጋሪው ደራሲ ላስሎ ክራስናሆርካይ በ2025 ኖቤል ሲሸለም እኔ «ሳታንታንጎ»ን ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ትቼው ነበር። መጽሐፉ በ1985 በሃንጋሪኛ ወጣ። በ2012 ጆርጅ ሲርተሽ በእንግሊዝኛ አቀረበው (ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው)። 12 ምዕራፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ አንቀጽ ነው። በሦስተኛው ሙከራ እንዲህ ጨረስኩት።

መጀመሪያ ማውጫውን እዩ። ምዕራፎቹ ከ1 እስከ 6 ይሄዱና ከ6 ወደ 1 ይመለሳሉ። ታንጎ ነዋ! ስድስት እርምጃ ወደፊት፣ ስድስት ወደኋላ። ይህን ካወቃችሁ ታሪኩ ሲንቀራፈፍ አትናደዱም።

ቀጥሎ እርሳስ ያዙ። ስታቆሙ ነጥብ ፈልጋችሁ ጫር አድርጉበት፤ አለዚያ በማግስቱ ያንኑ ገጽ ስትፈጩ ታድራላችሁ። ስሞቹንም ዕልባታችሁ ላይ ጻፉ፦ ሽሚት፣ ክራነር፣ ሃሊች። ሚስቶቻቸውም በዚያው ስም ስለሚጠሩ ቶሎ ይምታታሉ።

ዋናው ፈተና ዓረፍተ ነገሩ ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዋናውን ግስ፣ ፈልጉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የጥቅምት መጨረሻን ማለዳ፣ ሊጀምር ያለውን ዝናብ፣ የተሰነጣጠቀውን መሬት ሁሉ ይዟል። አጥንቱ ግን ይቺው ናት፦ ፉታኪ ደወል ሰምቶ ነቃ። በቅርብ ያለው ጸሎት ቤት ደግሞ ደወል የለውም፤ ማማው በጦርነቱ ጊዜ ፈርሷል። ታዲያ ደወሉ ከየት መጣ? ጥያቄውን ኅዳጉ ላይ ጻፉትና እለፉ። በዚህ በኩል እኛ ዕድለኞች ነን። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ መጠበቅ ለምደናል።

መዝገበ ቃላት ይቅርባችሁ። ጭቃው በስንት ቃል ቢጠራ ያው ጭቃ ነው።

የምታነቡት ትርጉም መሆኑንም አትርሱ። ሃንጋሪኛ «እሱ»ን እና «እሷ»ን አይለይም፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። በእንግሊዝኛው ላይ የተለዩት ተርጓሚው ለይቷቸው ነው። ቋንቋው ከጎረበጣችሁ ኦቲሊ ሙልዜት ከተረጎመቻቸው የደራሲው መጻሕፍት አንዱን አንሱና አንድ ገጽ ሞክሩ። እዚያም ዓረፍተ ነገሩ አላልቅ ካለ ሲርተሽን አትውቀሱት።

ቤላ ታር በ1994 ከዚሁ መጽሐፍ የሠራው ፊልም ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መጽሐፉን ሳትጨርሱ እንዳትነኩት። የመጨረሻውን ገጽ እንደዘጋችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን መልሳችሁ ግለጡ። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም።