ፖሊስታይሪንን በካርቦን ብላክ ገጽ ላይ የመትከል አሠራር

ለጎማ፣ ለማተሚያ ቀለምና ለፕላስቲክ የሚውለው ካርቦን ብላክ (ጥላሸት መሰል ጥቁር የካርቦን ዱቄት) ብናኞቹ እርስ በርስ ተጓጉለው ስለሚቀመጡ በፈሳሽ ውስጥ እኩል መበተን ያስቸግራል። በብናኞቹ ገጽ ላይ እንደ ፖሊስታይሪን ያሉ የፖሊመር ሰንሰለቶች (ትናንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሠሯቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች) በኬሚካላዊ ትስስር ከተተከሉ ግን ሰንሰለቶቹ በሚወዱት አሟሚ ፈሳሽ ውስጥ ተዘርግተው ብናኞቹን ያራርቋቸዋል።

የፖሊስታይሪን መነሻ የሆነውን ስታይሪንን ከካርቦኑ ጋር ቀላቅሎ እዚያው ወደ ፖሊመር መቀየር አቋራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን የካርቦኑ ገጽ ነጻ ራዲካሎችን (ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያላቸውን፣ ሰንሰለቱን የሚያስረዝሙትን ንቁ ሞለኪውሎች) አጥምዶ ስለሚያስቀር ሂደቱ ይዘገያል፣ የሚተከለውም ፖሊመር ጥቂት ነው። የተሻለው መንገድ ይህንኑ የማጥመድ ጠባይ መጠቀም ነው። ጫፉ ላይ ቴምፖ የተባለው ሞለኪውል የተያያዘበት ፖሊስታይሪን አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ሲሞቅ ቴምፖው ከጫፉ ይላቀቅና ራዲካል ሆኖ የቀረው ሰንሰለት በካርቦኑ ገጽ ላይ ካሉት የአሮማቲክ ቀለበቶች (ክብ ሠርተው ከተያያዙ የካርቦን አቶሞች) ጋር ይተሳሰራል። ሰንሰለቱ በጣም ረጅም ከሆነ ቀድሞ የተተከለው ለሚከተለው ቦታ ስለሚከለክል፣ ለመጀመሪያ ሙከራ አጭሩን መምረጥ ይመከራል።

ብናኙ በቀላሉ ወደ ሳንባ ስለሚገባ፣ አሟሚዎቹም መርዛማና ተቀጣጣይ ስለሆኑ ሥራው በሙሉ በጭስ መሳቢያ ሥር ይከናወናል። ካርቦኑ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ በቫኪዩም ከደረቀ በኋላ ከፖሊመሩ ጋር በሜታ ዛይሊን ውስጥ ይበተናል። ኦክስጅን ራዲካሎቹን ስለሚሻማ በናይትሮጅን ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ ከዚያም ዕቃው ተዘግቶ፣ እየተማሰለ፣ በ125 ዲግሪ ለአንድ ቀን ያህል ይቆያል። ሜታ ዛይሊን የሚፈላው በ139 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለዚህ ሙቀት ይስማማል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው እጥበቱ ነው፤ በገጹ ላይ ተለጥፎ ብቻ የቀረ ፖሊመር እንደ ተተከለ ተቆጥሮ ብዙ ልፋት ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። ውጤቱ በቶሉይን ተበትኖ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን (ሴንትሪፊዩጅ) ይዘቀጣል፣ ላይኛው ፈሳሽም ተቀድቶ ይወጣል። ከዚህ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ሜታኖል ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት ከነጣ ያልታሰረ ፖሊመር ገና አለ ማለት ነው፤ ጠብታው ሜታኖሉን ሳያደፈርስ እስኪቀር ድረስ እጥበቱ ይደገማል። ፈሳሹ ጠቁሮ ከቀረ ደግሞ በደንብ የተተከለባቸው ብናኞች አልዘቀጡም ማለት ስለሆነ ሳይደፋ በበለጠ ፍጥነት እንደገና መሽከርከር አለበት።

የደረቀው ናሙና በናይትሮጅን ውስጥ እየሞቀ ሲመዘን ፖሊስታይሪኑ ተበታትኖ ይወጣል፣ ካርቦኑ ይቀራል። ከ10 ሚሊግራም 2ቱ ከጠፋ የተተከለው መጠን ከቀረው ካርቦን አንጻር 2 ለ8 ተካፍሎ 25 በመቶ ነው፤ ለ10 ማካፈል የተለመደ ስሕተት ነው። ያልተነካው ካርቦን ብቻውን ሲሞቅ የሚያጣው ክብደትም መቀነስ ይኖርበታል። ከዚህ ጎን ለጎን ካርቦኑንና ፖሊመሩን ቀላቅሎ ለትስስሩ ሳያሞቁ ያጠቡትን ናሙና መመዘን ግዴታ ነው፤ እሱም ተመሳሳይ መጠን ካጣ የተለካው ተለጥፎ የቀረ ፖሊመር ነውና እጥበቱ እንደገና ይጀመራል።