ሐዋሳ ላይ ምንም ሳተላይት ለማታገኝ ተንቀሳቃሽ ዲሽ
ከአሜሪካ የመጣች አውቶማቲክ ዲሽ ናት፤ ክዳኗ እንደ ጉልላት ክብ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር መኪናው ጣሪያ ላይ አስቀምጠን ስናበራት ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ቀጥ። ኬብል ቀየርኩ። ከዛፍ ጥላ አወጣኋት። ሪሲቨሩን ሪሴት አደረግኩ። ወይ ፍንክች!

ለካ የምትፈልገው የአሜሪካኖቹን ሳተላይቶች ነው፤ ከ110 እስከ 129 ዲግሪ ምዕራብ። እነሱ ደግሞ ከሐዋሳ ሲታዩ ከአድማስ በታች ናቸው። ኢትዮሳት (የኢትዮጵያ ቻናሎች) ያለበት ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት የሚገኘው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው።

የሠራልኝ ተራ የ60 ሳንቲሜትር ዲሽና ባለሦስት እግር መቆሚያ ነው። መጀመሪያ ምሰሶውን በውሃ ልክ ቀጥ አደረግኩ፤ የሐይቁ ዳር ተዳፋት ስለሆነ ይቺን አትዝለሏት። የስልኬን ኮምፓስ ይዤ ከመኪናው ራቅ አልኩ፣ ብረት ያሳስተዋል። አቅጣጫ 110 ዲግሪ፣ ከአድማስ ወደ ላይ ከፍታ 67 ዲግሪ። የጎረቤት ዲሽ አይታችሁ አትቅዱ፤ ወደ ምዕራብ የዞረው ለሌላ ሳተላይት፣ ለናይልሳት ነው። ሪሲቨሩ ከሚያሳየው ውስጥ ስትሬንግዝ (የሲግናል ጉልበት) የሚለውን ተዉት፣ ኳሊቲውን (ጥራቱን) ብቻ እዩ። የኔ ኳሊቲ ከፍ ያለው መጨረሻ ላይ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) ትንሽ ሳሽከረክረው ነው።

አዳማ ከሆናችሁ አቅጣጫውን 115 አድርጉት፤ ከፍታው ያው ነው።