ስታር ትሬክን ከየት መጀመር ይሻላል?

እ.ኤ.አ. በ1966 መተላለፍ የጀመረውን ስታር ትሬክ የተባለ የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ልታዩ ካሰባችሁ፣ «ዘ ኬጅ» የተባለውን የመጀመሪያ የሙከራ ክፍል መነሻ አታድርጉት። ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስላልተቀበለው ሌላ የሙከራ ክፍል ተሠራ፤ የጠፈር መርከቧ ካፒቴንም ተቀየረ፣ ከገጸ ባሕርያቱ የዘለቀው የመርከቧ መኮንን ስፖክ ብቻ ነው። መጀመሪያ ዋናውን ተከታታይ፣ በተለይም «ዘ ሜናጀሪ» የሚባለውን ባለሁለት ክፍል ታሪክ ተመልከቱ። የ«ዘ ኬጅ» ምስሎች በብዛት የገቡት እዚያ ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ የታሪኩ ምሥጢር አስቀድሞ ይገለጥባችኋል። ከዚያ በኋላ ወደ «ዘ ኬጅ» ተመለሱ። ስፖክ የሚያዜሙትን ሰማያዊ ቅጠሎች ሲይዛቸው ድምፃቸው ጸጥ ይላል፤ እርሱም ፊቱ በርቶ ፈገግ ይላል። ስሜቱን አምቆ መያዙን ለለመደ ተመልካች ይህች ቅጽበት እጅግ ታስደንቃለች!