ትናንት ጭኜው ነበር፣ ዛሬ የለም፦ የታይኒ ኮር ሊኑክስ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ባለፈው ክረምት አንድ መምህር ከዘጌ በጀልባ መጡ። ላፕቶፓቸውን ዝናብ ፈርተው በፌስታል ላይ ፌስታል ደርበው ጠቅልለውታል። «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ያሾፍብኛል እንዴ?» አሉኝ። «ማታ ፕሮግራም እጭንበታለሁ፣ እሺ ብሎ ይሠራል። ጠዋት ስከፍተው የለም።»

ላፕቶፑ 1 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው አሮጌ ዕቃ ነው። ዊንዶውስ ከብዶት ስለነበር የእህታቸው ልጅ በዊንዶውስ ምትክ ታይኒ ኮር ሊኑክስ የሚባል ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭኖላቸዋል። ምርጫው ጥሩ ነው። ታይኒ ኮር ዴስክቶፑን ጨምሮ 25 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ በቴሌግራም ከሚላኩልን ብዙ ቪዲዮዎች ያንሳል። ልጁ ጫነላቸው እንጂ አሠራሩን ግን አልነገራቸውም።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ነፍስ ስዘራ ነው የምውለው። የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይደጋገማሉ። አፌ ከሚደክም ብዬ ጻፍኳቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባን። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራም ከጫናችሁ ሃርድ ዲስኩ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ አለቀ። ታይኒ ኮር እንደዚያ አይደለም። በተከፈተ ቁጥር ራም ላይ እንደ አዲስ ይዘረጋል። ተጨማሪ ፕሮግራም ኤክስቴንሽን ይባላል፤ መጨረሻው ቲሲዜድ የሚል አንድ የታመቀ ፋይል ነው። ፋይሉ አይፈታም፤ እንደታመቀ ሲስተሙ ላይ ይሰካል። የጣናን የደንገል ታንኳ አስቡት። ከጉዞ ስትመለስ ጭነቷ ይራገፋል፣ ተስባ ወጥታ ትደርቃለች። ነገ ዕቃው እንደገና ካልተጫነባት ባዶዋን ነው የምትሄደው።

ስለዚህ አንድ ነገር ጠፋ ስትሉ የት እንደነበር ጠይቁ። ቦታው ሦስት ነው። አንዱ ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ያለው ቲሲኢ የሚባል ፎልደር ነው፤ ኤክስቴንሽኖቹ እዚያ ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ማይዴታ የሚባለው የባክአፕ ፋይል ነው፤ የእናንተን ሰነድና ሴቲንግ ይይዛል።

የጫንኩት ፕሮግራም ስከፍተው የለም

የመምህሩ ችግር ይህ ነው። ከሚመጡልኝም አብዛኛው ይኸው ነው። መንስኤው ግን አንድ አይደለም።

በመጀመሪያ የማየው ቲሲኢ ፎልደሩ የት እንዳለ ነው። ሲስተሙ ሲነሣ ዲስክ ላይ እንዲህ ያለ ፎልደር ካላገኘ ዝም ብሎ ጊዜያዊው ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም ራም ላይ፣ ይፈጥራል። ያወረዳችሁት ሁሉ እዚያ ይገባል። ይሠራልም። ስታጠፉት ይተናል። ለማረጋገጥ ኢቲሲ ውስጥ ሲስኮንፊግ የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። እዚያ ቲሲኢዲር የሚል አቋራጭ አለ። የሚያመለክተው ወደ ጊዜያዊው ፎልደር ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። መፍትሔው ቡት ሲያደርግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ በሚነበበው የትእዛዝ መስመር ላይ ቲሲኢ፣ እኩል ይሆናል፣ ከዚያም የዲስኩን ክፍል ስም መጨመር ነው። ወይም ኮር ፕላስ በሚባለው የታይኒ ኮር ሰፋ ያለ ዓይነት ሲዲ ወይም ፍላሽ ተነሥታችሁ በውስጡ ባለው ጫኚ እንደገና መትከል። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል፤ ፎልደሩን ራሱ ይፈጥርላችኋል።

ፎልደሩ ትክክለኛ ቦታ ላይ ካለ ደግሞ ስታወርዱ የመረጣችሁትን ተመልከቱ። አፕስ የሚባለው መስኮት ማውረጃው ቁልፍ አጠገብ ምርጫ ይሰጣል። «ኦንቡት» ካላችሁ በተነሣ ቁጥር ይጭነዋል። «ኦንዲማንድ» ካላችሁ ስትጠሩት ብቻ ይመጣል። «ዳውንሎድ ኦንሊ» ማለት አውርደህ አስቀምጥ፣ አትንካው ማለት ነው። አንዱ ደግሞ አውርዶ ለዛሬ ብቻ ይጭናል። መምህሩ ሁልጊዜ ይህንን የመጨረሻውን ነበር የሚመርጡት። ፋይሎቹ ሁሉ አሉ! ኦፕሽናል በሚለው ፎልደር ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የጎደለው ኦንቡት በሚባለው ዝርዝር ላይ ስማቸው መጻፉ ብቻ ነው። አፕስ ውስጥ የኦንቡት ጥገና የሚለውን ከፍተን ስማቸውን ወደ ዝርዝሩ አሻገርነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መምህሩ የጀልባ ሂሳባቸው ሳይቆጫቸው አልቀረም።

አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም ከሆነስ? ያኔ ፍላሹን ጠርጥሩ። ታይኒ ኮር ፈጣን ነው፤ ፍላሹ ሳይነቃ እሱ ቲሲኢን ፈልጎ፣ አጣሁ ብሎ ያልፋል። ቡት መስመሩ ላይ ዌይትዩኤስቢ እኩል ይሆናል 5 ብላችሁ ጨምሩ፤ 5 ሰከንድ ይታገሣል። ካልበቃው 10 አድርጉት። ሌላ ፍላሽ ሲሰካ የዲስኮቹ ስም ስለሚቀያየርም በስም ሳይሆን ዩዩአይዲ በሚባለው የማይቀያየር መለያ ቁጥሩ መጥራት ይሻላል። ቁጥሩ ረጅም ነው፤ ፊደል እንዳትስቱ።

ፕሮግራሙ አለ፣ የጻፍኩት ግን ጠፋ

ይህ ከሁሉም ያናድዳል። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፦ መብራት።

የቤታችሁ ፎልደር ያለው ራም ላይ ነው። ወደ ማይዴታ የሚገለበጠው በደንቡ ስታጠፉት፣ መውጫው መስኮት ላይ ባክአፕ ተመርጦ ሲሆን ነው። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ ለጌጥ ነው የተቀመጠው። መብራቱ ድርግም ሲል ቀኑን ሙሉ የጻፋችሁት የፈተና ጥያቄ አብሮ ድርግም ይላል።

ሁለት መፍትሔ አለ። ጊዜያዊው፣ ሥራ መሐል ላይ ኮንትሮል ፓነል ገብቶ ባክአፕ ማድረግ ነው። እኔ ቡና ሲቀርብ አደርገዋለሁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስት ባክአፕ። ዘላቂው ግን ቡት መስመሩ ላይ ሆም እኩል ይሆናል ብሎ የዲስኩን ክፍል መስጠት ነው። ያኔ የቤታችሁ ፎልደር በቀጥታ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ሴቭ ያላደረጋችሁት ብቻ ነው የሚሄደው።

«ሴፍ» የሚል የባክአፕ ምርጫም አለ። አዲሱን ከመጻፉ በፊት የቀድሞውን ስሙን ቀይሮ ያስቀምጠዋል። ምረጡት።

በተቃራኒው ማጥፋቱም ማብራቱም ዘላለም የሚፈጅባችሁ ከሆነ ቤታችሁ ፎልደር ውስጥ ፊልም አስቀምጣችኋል ማለት ነው። ባክአፑ ሁሉን አምቆ ይጽፋል፣ በማግሥቱ ሁሉን ፈትቶ ራም ላይ ያፈሰዋል። በ1 ጊጋባይት ራም ይህን አትሞክሩት። ፊልሙን ወደ ዲስኩ አውጡ።

አይኮኑን ስነካው ምንም አይልም

ዝም ሲላችሁ አስለፍልፉት። ተርሚናል ክፈቱ፣ የፕሮግራሙን ስም ጻፉ፣ ኢንተር በሉ። አይኮኑ የደበቀውን ቅሬታ እዚያ ይዘረግፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ «እንዲህ የሚባል ላይብረሪ አላገኘሁም» ነው የሚለው።

ኤክስቴንሽን ብቻውን አይቆምም። አንዱ ሌላውን ይደገፋል፤ ማን ማንን እንደሚደገፍ ደግሞ ዴፕ የሚል ቅጥያ ባለው ትንሽ ፋይል ተጽፏል። ኢንተርኔት ኖሮ በአፕስ ካወረዳችሁ ጥገኞቹን ራሱ ጠርቶ ያመጣል። ችግር የሚመጣው ኔትወርኩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ወይም ሰው ከሌላ ቦታ በፍላሽ ሲያመጣ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚማሩ ልጆች ዋይፋይ ስላላቸው ለቤተሰብ አውርደው ያመጣሉ። ያመጡት ግን ዋናውን ፋይል ብቻ ነው። ልክ ሙሽራውን ጠርቶ ሚዜዎቹን እንደመርሳት ነው።

በፍላሽ የምታመጡ ከሆነ መጀመሪያ ትሪ የሚል ቅጥያ ያለውን ፋይል ከዕቃ ቤቱ፣ ማለትም ኤክስቴንሽኖቹ ከሚወርዱበት ድረ ገጽ፣ አውርዳችሁ አንብቡት። የጥገኞቹን ዝርዝር እስከ ቅድመ አያት ድረስ ያሳያል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዋናውን፣ ዴፕ ፋይሉንና ኤምዲ5 የሚለውን አውርዱ። ሁሉንም ኦፕሽናል ውስጥ ጣሉ።

ኤምዲ5 የፋይሉ አሻራ ነው። ግማሽ የወረደ ፋይል አሻራው አይገጥምም። ካልገጠመ ለመጠገን አትድከሙ፤ ሰርዛችሁ እንደገና አውርዱ። የጎደሉትን ራሱ ፈልጎ እንዲያመጣ ከፈለጋችሁም አፕስ ውስጥ የጥገኞች ክፍል ላይ የጎደለውን አምጣ የሚል ትእዛዝ አለ። ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ተጠቀሙበት። ለኔ የሚሻለኝ ሌሊት ነው።

ፋይሎቹ ሁሉ ተሟልተው እምቢ ካለ፣ ከየት መጣ በሉ። ዕቃ ቤቱ በታይኒ ኮር ዋና ቁጥርና በኮምፒውተሩ ዓይነት የተከፋፈለ ነው። የ13 ኤክስቴንሽን ለ14 አይሆንም፤ የ64 ቢት ደግሞ ለ32 ቢት ጨርሶ አይሆንም። «ጓደኛዬ ጋ ይሠራል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሲስተሙን አዲስ ካደረግኩ ወዲህ ዋይፋይ የለም

የዋይፋይ ሞጁሎች፣ ማለትም ካርዱን የሚያንቀሳቅሱት ፋይሎች፣ የሚሠሩት ለአንድ የከርነል ቁጥር ተለክተው ነው፤ ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው። ከርነሉን ቀይራችሁ የድሮውን ሞጁል ከተዋችሁ አይተዋወቁም። በገመድ ወይም በሌላ ኮምፒውተር አዲሱን አውርዱ፤ ለካርዱ የሚሆነውን ፈርምዌርም (የካርዱን የራሱን ፕሮግራም) አትርሱ። የሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ከመቀየራችሁ በፊት አውርዱት።

ብራውዘሩ ሁሉንም ገጽ «አደገኛ ነው» ይላል

አንዲት እናት ለልጃቸው የገዙትን አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ቫይረስ ነው ተብለዋል። ብራውዘሩን ሦስት ጊዜ አስጭነውታል። ቀኑን ሳየው 2017 ይላል። ልጁ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ ውስጥ፣ ገብቶ በኛ አቆጣጠር ሞልቶታል! ሰዓቱም በኛው፣ ጠዋት 2 ሰዓት።

ኮምፒውተር የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። የድረ ገጾች የምስክር ወረቀት መነሻና ማብቂያ ቀን አለው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ የቀረ ኮምፒውተር ሁሉንም ገና ያልተጻፈ ወረቀት አድርጎ ያየዋል። ቀኑን በፈረንጅ አስተካክሉ። በነጋታው ተመልሶ ከተበላሸ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ሞታለች፤ ቀይሯት።

ሰዓቱ ብቻ በ3 ከተዛነፈ ደግሞ የሰዓት ክልል ነው። ታይኒ ኮር የባዮሱን ሰዓት የግሪንዊች ነው ብሎ ነው የሚነሣው። ቡት መስመሩ ላይ የሰዓት ክልል ትሰጡታላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ብንቀድምም በዚህ አጻጻፍ ምልክቱ ተገልብጦ «ሲቀነስ 3» ነው የሚባለው። እኔም ተሸውጄበታለሁ።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል

አልተበላሸም፤ የግእዝ ፎንት የለውም። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ አምጡ፣ ቤታችሁ ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ፎንትስ የሚል ፎልደር ፍጠሩና ጨምሩት። ብራውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ባክአፕ ካላደረጋችሁ ነገ ሳጥኖቹ ይመለሳሉ።

ብሰርዘውም አልሄደም

ኤክስቴንሽኑ እየሠራ እያለ ተሰክቷል፤ የተቀመጡበትን ወንበር መንቀል አይቻልም። አፕስ ለመሰረዝ ምልክት ያደርግበታል፣ ሲጠፋ ይሰርዘዋል። በደንቡ አጥፍታችሁ አብሩት።

ዴስክቶፑ ጭራሽ እምቢ አለ

ሁለት ቃል ያዙ። ቡት መስመሩ ላይ «ቤዝ» ብትጨምሩ ኤክስቴንሽን ሳይነካ ይነሣል። «ኖሪስቶር» ብትሉ ባክአፑን ሳይፈታ ይነሣል። በመጀመሪያው ሲስተሙ ከተነሣ ጥፋቱ ከኤክስቴንሽኖቹ ነው፤ በሁለተኛው ከተነሣ ከራሳችሁ ሴቲንግ ነው። ከኤክስቴንሽን ከሆነ የኦንቡትን ዝርዝር ግማሹን ቀንሱና አስነሡ። ደህና ከሆነ ከቀነሳችሁት ግማሽ ውስጥ ነው፤ ያንንም ለሁለት ክፈሉት።

መምህሩ በሁለት ሳምንታቸው ደወሉ። ፕሮግራሞቻቸው በቦታቸው ናቸው። ዴስክቶፑ ግን ጥቁር ሆኗል። «ቤዝ» ብለው እንዲያስነሡ በስልክ ፊደል በፊደል አስጻፍኳቸው። ተነሣ። የመጨረሻ የጫኑትን ጠየቅኳቸው። የእህታቸው ልጅ በፍላሽ ያመጣው ጨዋታ ነው፤ የ64 ቢት።