የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጣራችሁ ላይ ሲራገፍ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ነገሩ ያው ነው። የጎረቤት ባሕር ዛፍ አጥር ተሻግሮ ቅጠሉንና ልጣጩን ቆርቆሮው ላይ ያራግፋል፤ አሸንዳው ይደፈንና ክረምት ሲገባ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል።

መጀመሪያ መጋዙን አስቀምጡት። ቡና አፍልታችሁ ጎረቤትን ጥሩ፣ ከዚያ አሸንዳውን አሳዩ። «ጋሼ፣ ይቺን ቅርንጫፍ ብናነሳት ምን ይመስልዎታል? የሠራተኛውን እኔ እችላለሁ፣ እንጨቱ የእርስዎ ነው» በሉ። ነገሩን የምትጨርሰው ይቺ የእንጨቷ ነገር ናት፤ ማገዶ ስንት እንደገባ ታውቁት የለ?

ሥራው ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና ቢሆን ይመረጣል። ወፍራም ቅርንጫፍ በገመድ ይታሰር፣ መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ይገዝገዝ፣ ከዚያ ከላይ። በቀጥታ ከላይ ከተቆረጠ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ይዞ ይገነጠላል፣ ቆርቆሯችሁንም አይምርም። የመብራት ሽቦ የነካ ከሆነ ግን ማንም እንዳይወጣ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውሉ።

እምቢ ካሉ ሽማግሌ ላኩ፣ ካልሆነ ቀበሌ። ሌሊት ተነስቶ መቁረጥ ጠብ መግዛት ነው። ደግሞ ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከክረምት በፊት እንዲከረከም ከወዲሁ ተስማሙ።